የመኪና አነዳድ ሙያ አጀማመር፤ ከጉለሌ ቁልቁለት አንጻር

የአዲስ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ ማን አመጣው፤ መቼስ ገባ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። አጠቃቀሙ በሰው እጅ እንዴት ተለመደ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ስለ አውቶሞቢል ማንሣት ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ፥ ለመኪና የተሠራ መንገድ በሌለበት በረሓና ተራራ አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበው። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝም ወዲያው ሌላ አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱ መኪና በማግኘት ብቻ ሳይወሰኑ፥ በኋላ ነጋድራስ የተባሉትን ተሰማ እሸቴን እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ልከው የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ አደረጉ። ነጋድራስ ተሰማ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቁት በዚያው አገር በሸክላ ባስቀረጹት ዘፈን ነው። ድምፃቸው ቀርቷል፤ ስለ መሪና ስለ ሞተር የተማሩት ግን እምብዛም አይነሣም።

ይህ ሙያ ቀላል አለመሆኑን የውጭው ታሪክ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1934 ፈርዲናንድ ፖርሽ ለአውቶ ዩንየን ኩባንያ ባወጣው የእሽቅድምድም መኪና ሞተሩ ከነጂው ኋላ፥ ከኋላ ጎማዎች ፊት ተቀመጠ። ክብደቱ ወደ መካከል የተሰበሰበ መኪና፥ ጭነቱ ከገላው እንደተጠጋለት በቅሎ፥ ቶሎ ይታጠፋል። ነገር ግን ኋላው መንሸራተት ከጀመረ መዞሩም የዚያኑ ያህል ፈጣን ነው። ነጂውም እጅግ ወደ ፊት ስለሚቀመጥ መንሸራተቱ ዘግይቶ ይሰማው ነበር። በ1935 ከሞተር ብስክሌት የመጣው ቤርንድ ሮዘማየር በሌላ የእሽቅድምድም መኪና ያልታሰረ ልማድ ስለነበረው ፈጥኖ ለመደው፤ በ1936ም የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ1938 የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሞክር ሞተ።

የሙያው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ኋላው ሲንሸራተት መሪውን ኋላው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማዞር፤ ቤንዚኑን በድንገት አለመልቀቅ፤ ጎማው መሬቱን እንደያዘ መሪውን ሳይዘገዩ መመለስ። ቤንዚን በድንገት ሲለቀቅ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የኋላውም ጎማ ቀሎ ይስታል። መሪው ከዘገየ ደግሞ መኪናው ወደ ሌላው ወገን ይወረወራል። ስለዚህ ትምህርቱ ሰው በማይደርስበት ሰፊ ሜዳ፥ በዝግታ ይጀመራል።

ይኸው የክብደት ሕግ ጉለሌም ይሠራል። 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ መኪና ሞተሩ የትም ይሁን የት ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በክረምት መንገዱ ሲረጥብ ፍሬን አለአግባብ የረገጠ ሰው ኋላውን ያጣዋል። መንገዱ ግን እንጨት ተሸካሚና አህያ ሲመላለስበት የኖረ በመሆኑ መንሸራተት እዚህ ጨዋታ ሊሆን አይችልም። ሜዳ ላይ ማንሸራተትን የተማረ ሰው ቁልቁለት ላይ ጥበቡ የሚለካው ባለማንሸራተቱ ነው።

ይህን ዕውቀት ያቆዩት መጻሕፍት ሳይሆኑ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው ናቸው። በየትኛው መታጠፊያ ማርሽ እንደሚለውጡ፥ ይህንንም ከማን እንደተማሩ ሽማግሌ ሾፌሮችን ጠይቆ መጻፍ የታሪክ ተማሪ ተግባር ነው። አለዚያ የባለመኪኖቹን ስም ይዘን የነጂዎቹን ሙያ እናጣለን።