ቀዩ መደብና ቀይ የማያየው ካሜራ

የሐረሪ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ቀዩ ነው። በባህላዊው ገይ ጋር ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት አምስቱ መደቦችም ወለሉም ቀይ ናቸው፤ ግድግዳው ነጭ። ለምን ቀይ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ የወደቁት የአሚር አብዱላሂ ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው ይሏችኋል። ልብ የሚነካ ታሪክ ነው። ግን አንድ ክፉ ጥያቄ ይከተለዋል፦ ከጨለንቆ በፊትስ መደቡ ምን ይመስል ነበር?

«ፎቶ አይታይም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ፎቶማ አለ! ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የንግድ ወኪል ሆኖ ሐረር በነበረ ጊዜ፣ በ1875 ዓ.ም.፣ ካሜራ አስመጥቶ ራሱን አንስቷል። ከጨለንቆ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። አንዱ ሰገነት ላይ፣ አንዱ ቡና መሀል፣ አንዱ ሙዝ መሀል። ሦስቱም ደጅ! ለቤተሰቦቹ ሲልክላቸው ደግሞ የማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነጡብኝ ብሎ አማሯል። ምስኪን።

ለነገሩ ቤት ገብቶ ቢያነሳስ ምን ሊጠቅመን? የዚያ ዘመን የፎቶ መስታወት (ፊልም ገና አልነበረም) ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያይም። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቀይ አፈሩ ጥቁር። ቀይን የሚያይ መስታወት ገበያ ላይ የዋለው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1900 በኋላ ነው።

የሰው ዓይንም ቢሆን በሙሉ ልብ አይታመንም። አሮጌው ገይ ጋር መስኮቱ ጥቂት ነው፤ ብርሃን በብዛት የሚገባው ከግቢው በበሩ በኩል ነው። ብርሃኑ ቀዩን መደብ መትቶ ወደ ነጩ ግድግዳ ይነጥራል፣ ግድግዳውም ቀላ ይላል። ዓይናችን ግን ስለለመደ «ነጭ ነው» ብሎ ይምላል። ሲመሽ ደግሞ ከቀለም ሁሉ ቀድሞ የሚጨልመው ቀይ ነው፤ ሰማያዊ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ኩራዝ ሲለኮስ ቀዩ እንደገና ይነሳል፣ በኩራዝ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ እምብዛም የለምና። በፍሎረሰንት ስር ያው መደብ ደብዝዞ ወደ ቡናማ ይጠጋል። ጨርቅ የሚገዛ ሰው ይህን ድሮም ያውቃል፤ ሱቅ ውስጥ የወደደውን ቀለም በር ላይ አውጥቶ ሳያይ አይከፍልም። ስለዚህ አንድ የድሮ ተጓዥ «ጥቁር መደብ ላይ ተቀመጥኩ» ብሎ ጽፎ ቢገኝ፣ በስንት ሰዓት ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ።

እኔ የማምነው ምስክር መደቡን ራሱን ነው። በአሮጌ ቤት ቅብ በቅብ ላይ ተደርቧል፤ አንድ ጥግ በስሱ ተፍቆ በቀን ብርሃን ቢታይ ከሥር ያለው ቀይ ይሁን ሌላ ይለያል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ ቤቶቿ ግን መታደሳቸው አይቀርም፣ አሮጌው ልስንም እየተፈነቀለ በዘይት ቀለም ይተካል። የሚያድስ ሰው ቢያንስ የመዳፍ ያህል ጥግ ሳይነካ ይተውልን።