ምስክርነት ወደ ማጋነን ሲዞር፦ «ሊተራሊ» የተባለው የእንግሊዝኛ ተውሳከ ግሥ

«በሳቅ ሞትኩ» ያለን ሰው ለመቅበር የሚነሣ የለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን በዚሁ አባባል ላይ «ሊተራሊ» ብሎ ከጨመረ ቋንቋ ጠባቂዎች ይነሡበታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ቃሉ የመጣው ፊደል የሚል ፍቺ ካለው የላቲኑ «ሊተራ» ሲሆን፣ በእኛ አነጋገር «ወርቁን ተወው፣ ሰሙን ያዝ» የሚል ማሳሰቢያ ነበር። ሰሙን ከያዝን ደግሞ ሳቂው አልሞተም።

አገባቡ የዛሬ ወጣቶች ፈጠራ አይደለም። ፍራንሲስ ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1769 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛል፤ ዲከንስ፣ ማርክ ትዌይንና ጆይስም ተጠቅመውበታል። በ1909 የዌብስተር መዝገበ ቃላት ሲመዘግበው፣ አምብሮስ ቢርስ በዚያው ዓመት ባወጣው የስሕተቶች መድበል አወገዘው። ኦክስፎርድ በ2011 ያሰፈረውን ፍቺ ጋዜጦች በ2013 ሲደርሱበት እንግሊዝኛ ተገደለ ያሉም ነበሩ፤ ያውም በዘይቤ!

ነቃፊዎቹ ቃሉ «በምሳሌ» ወደሚል ተቃራኒ ፍቺ ተገለበጠ ይላሉ። ይህ አያስኬድም። ምሳሌ እየተናገርኩ ነው ለማለት «ሊተራሊ» የሚል ሰው የለም፤ በቦታው «በምሳሌ»ን ብንተካበት ንግግሩ ይቀዘቅዛል። ቃሉ የሚያደርገው ግነቱን ማጠንከር ነው፤ ለእውነት የቆመው ምስክር ራሱ በግነቱ ተወስዷል። «ቬሪ»ም ሥሩ እውነትን የሚያመለክተው የላቲን ቃል ነው፤ ዛሬ ግን «በጣም» ከማለት አያልፍም። እኛስ «የምር ደክሞኛል» ስንል የድካሙን እውነትነት እያረጋገጥን ነው ወይስ መጠኑን እያበዛን?

ልዩነቱ «ቬሪ» የጥንት ፍቺውን ከሞላ ጎደል ሲያጣ፣ የ«ሊተራሊ» ግን አብሮት መኖሩ ነው። ስለ ጎርፍ በሚያወራ ዜና «ወንዙ ቤቱን ዋጠው» በሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ቢታከል፣ ቤቱ ሰጥሟል ወይስ ተጎድቷል? እዚህ ላይ ነቃፊዎቹ እውነት አላቸው።

ችግሩ ለአማርኛ ተርጓሚም ይተርፋል። መዝገበ ቃላቱን አምኖ «ቃል በቃል ልቤ ተሰበረ» ብሎ ቢጽፍ፣ አንባቢ የሚሰማው የትርጉም ሥራውን እንጂ ሐዘኑን አይደለም። «ልቤ እኮ ስብር አለ» ቢል ግነቱን «እኮ» እና «ስብር አለ» ይሸከሙለታል። «ቃል በቃል»ን ለውልና ለምስክር ቃል ቢያቆየው ይሻላል።