«ፑሽኪን» ስለተሰኘው የቤተሰብ ስም

ባለቅኔው አሌክሳንደር ፑሽኪን በእናቱ በኩል አፍሪካዊ ቅድመ አያት ስለነበረው ስሙንም ከአፍሪካ ጋር ማያያዝ ይቀናል። ስሙ ግን ከአባቱ ወገን የወረደ ነው። የዘር ሐረጉ መነሻውን በ14ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ገደማ ለነበረው ለግሪጎሪ ፑሽካ ይሰጣል። «ፑሽካ» በሩስያኛ መድፍ ማለት ሲሆን ለሰውየው ቅጽል ስም መሆኑ ነው። በ«አ» የሚያልቅ ስም አናባቢውን ጥሎ «ኢን» የተባለውን የባለቤትነት መድረሻ ሲወስድ ፑሽኪን፣ ማለትም «የፑሽካ» ይሆናል፤ ለሴት ፑሽኪና ይባላል። ቃሉ ግን ከመሠረቱ ስላቫዊ አይደለም፤ የግሪኩ «ፒክሲስ» በላቲንና በጥንታዊው ጀርመንኛ በኩል ወደ ስላቮች ተሻግሮ ነው። ፒክሲስ ሙዳይ ነው፤ ሙዳዩ በመንገድ ላይ መድፍ ሆነ ማለት ነው።

የአፍሪካው ፍለጋ የሚገባው ለእናቱ ቤተሰብ ስም ነው። የእናቱ አያት አብራም «ጋኒባል» የሚለውን ስም የወሰደው ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሐኒባል ነው፤ ሩስያኛ «ህ» ስለሌለው በ«ግ» ተተካ። ተርጓሚ ለጦር መሪው ሐኒባል፣ ለአብራም ጋኒባል ብሎ ቢጽፍ ይሻላል። ይህም ቢሆን በምርጫ የተወሰደ ስም እንጂ የትውልድ አገር ምስክር አይደለም። ክርክሩ በይበልጥ የሚያርፈው አብራም እ.ኤ.አ. በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ ላይ ባሰፈረው «ላጎን» በተባለ የከተማ ስም ላይ ነው፤ አኑቺን በ1899 ወደ መረብ ወንዝ አካባቢ፣ ናማንኩ በ1990ዎቹ በካሜሩን ወደምትገኘው ሎጎኔ ወሰዱት። ለሁለቱም የመጀመሪያው መነሻ የድምፅ መመሳሰል ነው።