በመጸው መጨረሻ ከድንበር ማዶ ለጉብኝት መጓዝ፦ ከአውበሬና ከጅግጅጋ አካባቢ ለሚነሱ ተጓዦች የአየር ሁኔታ መረጃ

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የመጸው ወቅት ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ይዘልቃል። ይህ መረጃ በወቅቱ ሁለተኛ አጋማሽ ከአውበሬ፣ ከጅግጅጋና ከአካባቢው ከተሞች ተነስተው ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ በርበራ ወይም ወደ ጅቡቲ ለጉብኝት ለመሄድ ላሰቡ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። ወቅቱ በአጠቃላይ ለጉብኝት ምቹ ነው። ሆኖም ድንገተኛ ጎርፍና ከባሕር የሚነሳ አውሎ ነፋስ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ የመጨረሻው ውሳኔ በጉዞው ዋዜማ ባሉት ቀናት በሚወጣ ትንበያ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

የመነሻው አካባቢ የአየር ጠባይ

የሶማሌ ክልል የዝናብ ወቅት በሁሉም ዞኖች አንድ ዓይነት አይደለም። በደቡባዊ ዞኖች ከጥቅምት ጀምሮ የሚዘንበው ዴር ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው። አውበሬን ጨምሮ በሰሜናዊው የክልሉ ክፍል ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው ካራን በዚህ ጊዜ አብቅቶ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ይገባል። በመሆኑም በመገናኛ ብዙኃን «በሶማሌ ክልል ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ትንበያ ሲነገር የትኞቹን ዞኖች እንደሚመለከት ማጣራት ያስፈልጋል። ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱና ንጋቱ ይቀዘቅዛል፤ ማለዳ የሚነሱ ተጓዦች ለሕፃናትና ለአረጋውያን ወፍራም ልብስ መያዝ አለባቸው።

በመዳረሻዎች የሚጠበቀው ሁኔታ

ሐርጌሳና ላስጌል፦ ሐርጌሳ ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ቀኑ ለስላሳ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በ1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት ለዓለም የታወቁትን የላስጌል የዋሻ ሥዕሎች ለማየት በድንጋያማ ኮረብታ ላይ በእግር መውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ወቅት ከሞቃታማዎቹ ወራት ይመረጣል።

በርበራ፦ በሐምሌና በነሐሴ የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ብርቱ ትኩስ ነፋስም ይነፍሳል። በኅዳር ግን የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ከታኅሣሥ ጀምሮ «ሀይስ» የሚባለው አነስተኛ የባሕር ዳርቻ ዝናብ ሊጥል ይችላል።

ጅቡቲ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የአገሪቱ ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ ለመጎብኘት፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም በዚህ ወቅት የሚመጡትን ግዙፍ የዓሣ ነባሪ ሻርኮች ለማየት ተስማሚ ነው። በአሳል አካባቢ ጥላ ስለማይገኝ በዚህ ወቅትም ቢሆን በቂ ውኃ መያዝ ግድ ነው።

ትኩረት የሚሹ አደጋዎች

በሕንድ ውቅያኖስና በዓረብ ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ በብዛት የሚነሳው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ከአውበሬ ድንበር ማዶ በሚገኘው የአውዳል አካባቢ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የደረሰው «ሳጋር» የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ በርካታ እንስሳትንም ፈጅቷል። «ጋቲ» ደግሞ ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የሶማሊያን ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ መትቷል። ኤልኒኖ በሚከሰትባቸው ዓመታት የመጸው ዝናብ ከተለመደው ሊበልጥ ይችላል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በደቡባዊ የክልሉ ዞኖች ከባድ ጎርፍ የደረሰው በዚህ ዓይነት ዓመት ነበር።

ደረቅ ወንዞች በቦታው ዝናብ ሳይዘንብ፣ ራቅ ባለ ኮረብታ ላይ በጣለ ዝናብ በድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። በጎርፍ ወቅት ተሽከርካሪ ወደ ውኃው ማስገባት ለሕይወት አስጊ ነው። ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ጉዞውን የሚያዘገየው በሰዓታት ብቻ ነው።

ጉዞው ከመወሰኑ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

1. የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የወቅት፣ የአሥር ቀንና የዕለት ትንበያ መከታተል። ለቀጣናው አጠቃላይ ሁኔታ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል (አይክፓክ) የሚያወጣው የጥቅምት–ታኅሣሥ ትንበያ ይረዳል።
2. የወቅት ትንበያን ጉዞውን ለማቀድ፣ የዕለት ትንበያን ደግሞ ለመነሳት ወይም ለመቆየት ለመወሰን መጠቀም።
3. የፓስፖርትን የአገልግሎት ዘመንና የመዳረሻውን የመግቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ማረጋገጥ።
4. የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መውሰድና የምስክር ወረቀቱን መያዝ።
5. ከዝናብ ወቅት ማግስት የወባ ሥርጭት የሚጨምር በመሆኑ አጎበር መያዝ፤ ከጉዞ በኋላ ትኩሳት የተሰማው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድና የሄደበትን ቦታ መግለጽ።
6. ወደ ባሕር ዳርቻ ለሚደረግ ጉዞ አንድ ወይም ሁለት መጠባበቂያ ቀናት መያዝ።

የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ከወጣ ወደ ባሕር ዳርቻ የሚደረግ ጉዞ ማስጠንቀቂያው እስኪነሳ ሊራዘም ይገባል። በጉዞ ላይ ያሉ ዜጎችም ከሸለቆና ከደረቅ ወንዝ ዳር ርቀው ከፍ ባለ ስፍራ እንዲቆዩና ያሉበትን ለቤተሰባቸው እንዲያሳውቁ ይመከራል።