የእምቦጭ ዘመቻ

የእምቦጭ ዘመቻ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጣና ሐይቅንና ገባር ወንዞቹ የሚገቡባቸውን ዳርቻዎች ከእምቦጭ አረም ለማጽዳት የሚያካሂዱት የነቀላ ሥራ ነው።

መነሻ፦ እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ተንሳፋፊ አረም ነው። በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ መገጭ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በሰሜኑ ዳርቻ ነው። ወንዞቹ ከእርሻ ማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ አረሙን ይመግበዋል።

አሠራር፦ ሰዎች እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አረሙን ከነሥሩ ይነቅላሉ፤ በታንኳ ወይም እየጎተቱ ወደ ዳር ያወጡታል። ተከምሮ ከደረቀ በኋላ ይቃጠላል። ሥራው ለአልቅትና ለቢልሃርዝያ ያጋልጣል። በቂ ቦቲና ጓንት ሳይኖራቸው በባዶ እጃቸው የሚነቅሉም አሉ። ከባድ ዘመቻዎች የሚካሄዱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ሰፊ የነቀላ ዘመቻ ተጀምሯል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ለማጨጃ ማሽን መግዣ ገንዘብ አዋጥተዋል።

ውጤትና ገደብ፦ ነቀላ ለዓሣ አስጋሪዎችና ለከብቶች ወደ ውሃው መግቢያ ይከፍታል፤ አረሙን ግን ጨርሶ አያጠፋም። ከተቆረጠ ግንድ አዲስ ተክል ያቆጠቁጣል፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሕይወቱን ይዞ ይቆያል፤ ነፋስም አረሙን ወደ ጸዳው ዳርቻ ይመልሰዋል። ስለዚህ ዘላቂው መፍትሔ ከነቀላው ጎን ለጎን በገባር ወንዞቹ ተፋሰስ እርከን መሥራትና የአፈር መሸርሸርን መግታት ነው።