ከሐዘን በኋላ የመጣ ስጦታ



ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ቀብረው በዚህ መንገድ ተሰደዱ። የተረፉት ግን ተመልሰው አረሱ፤ ወዳጃ ተቀምጠው ለሟቾቻቸው ዱዓ አደረጉ።

ምን አበረታቸው? ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) በ619 እ.ኤ.አ. ገደማ ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጧሊብን አጡ፤ ዘመኑም «ዓመተ ሐዘን» ተባለ። ጣኢፍ ቢሄዱ በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ በሚዕራጅ ሌሊት አምስቱ ሶላት ተደነገጉ። እንግዲህ ሐዘንተኛ በቀን አምስቴ የሚደገፍበት ሶላት ከሐዘን በኋላ የመጣ ስጦታ ነው።

ማልቀስም ሶብርን አያፈርስም፤ ነቢዩ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። እንባችንን አብሰን ለሶላት እንቁም።

አላህ ሶብሩን ይስጠን። ወሰላሙ ዓለይኩም።