የ35 ዶላሯ ኮምፒዩተርና ባዶዋ ካርድ

ራስፕበሪ ፓይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበችው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ነው። (ልደቷን በአራት ዓመት አንዴ ታከብራለች ማለት ነው!) መታወቂያ የምታክል፣ በ35 ዶላር የምትሸጥ ኮምፒዩተር። ይሁንና ከካርቶኗ አውጥቶ ኤሌክትሪክ ለሰካላት ሰው ከአንዲት ቀይ መብራት በቀር የምታሳየው ነገር አልነበራትም። ሃርድ ዲስክ የላትማ! ዋጋዋ እንዳይወደድ ሲባል ማከማቻው ለገዢው ተተወ፤ ካሜራ ውስጥ የሚገባውን ዓይነት ኤስዲ ካርድ ፈልጎ፣ ሊነክስ ጭኖ እንዲሰካላት።

እነ ኤቤን አፕተን ነገሩን ማሰብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ነው። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ሳይንስ ሊማሩ የሚያመለክቱት ልጆች ቁጥር እየቀነሰ፣ የሚመጡትም ፕሮግራም የመጻፍ ልምዳቸው እየሳሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ቢቢሲ ማይክሮ ሲከፈት በቀጥታ ቤዚክ ይዞ ይጠብቅ ስለነበር የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ልጅ ወደደም ጠላም ይሞክራል። በኋላ የመጣው የቤት ኮምፒዩተር ግን የቤተሰብ ንብረት ሆነ። እኛም እናውቀዋለን፤ ዳንቴል ለብሶ ሳሎን የሚቀመጠውን፣ «እንዳትነካኩት!» የሚባልለትን። የእነ አፕተን መልስ ልጁ ቢያበላሸው ማንም የማይቆጣበት ኮምፒዩተር ነበር። ካርዷ የምትጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ በሙሉ ያለው እሷ ላይ ስለሆነ፣ ቢበላሽ አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ነው።

ጣጣው መጻፉ ላይ ነው። ከኢንተርኔት የወረደውን ፋይል እንደ ዘፈን ኮፒ ብታደርጉት አይሠራም። ኢሜጅ የሚባለው ፋይል የአንድ ሙሉ ዲስክ ግልባጭ ነው፤ ፓይዋ ስትነሳ የምታነበው ትንሽ ክፍልና ሊነክሱ ያለበት ትልቅ ክፍል በየቦታቸው ማረፍ አለባቸው። ሊነክስና ማክ ላይ ይህን የሚሠራው «ዲዲ» የተባለ ትእዛዝ ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም። በካርዱ ስም ፋንታ የዋናውን ሃርድ ዲስክ ስም ከሰጣችሁት የአባታችሁን ፎቶና ሰነድ ጠራርጎ ሊነክስ ይጽፍበታል። በቀልድ «ዲስክ አጥፊ» ይሉታል። እንግዲህ ልጆችን ከፍርሃት ልታወጣ የመጣች ኮምፒዩተር፣ መጀመሪያ ያንኑ «እንዳትነካኩት» የተባለውን ኮምፒዩተር በአደገኛ ትእዛዝ ማስነካቷ ነው!

መፍትሔው እያዘገመ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 «ኑብስ» ወጣ፤ ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ ፋይሎቹን ኮፒ ማድረግ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2020 «ኢሜጀር» የተባለው ፕሮግራም ማውረዱንም መጻፉንም አንድ ላይ ጠቀለለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለሁሉም አንድ የነበረው «ፓይ» የሚለው ስምና «ራስፕበሪ» የሚለው የይለፍ ቃል ቀረ። (ዓለም የሚያውቀውን ቁልፍ በር ላይ አንጠልጥሎ 10 ዓመት መቆየት!)

በዚያው ዓመት ፓይ 4 ያለ ሌላ ኮምፒዩተር እርዳታ፣ ራሷ ከኢንተርኔት አውርዳ ባዶ ካርድ ላይ መጻፍ ቻለች። ለዚህ ግን የኔትወርክ ገመድ ያስፈልጋታል። ኢንተርኔቱ የሞባይል ዳታ ብቻ የሆነ ልጅ ካርዱን የሚጽፍለት፣ ኮምፒዩተር ያለው ጓደኛ መፈለጉ አልቀረም።